ክንድ 45.72 ሳንቲሜትር አይደለም፦ ስለ ጥንት የርዝመት መለኪያዎች የምንሳሳተው

«ክንድ ማለት 45.72 ሳንቲሜትር ነው።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ሰው ስልኩን አውጥቶ በ300 (የኖኅ መርከብ ርዝመት በዘፍጥረት 300 ክንድ፣ ወርዷ 50 ክንድ ነው) ያባዛና «የኖኅ መርከብ ርዝመት 137.16 ሜትር ነበር» ይላል። እስከ ሳንቲሜትሯ!

45.72 የ18 ኢንች ምንዛሪ ነው። ከየትኛውም የጥንት ዘንግ ላይ አልተነበበም። ክንድ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ ነው፤ የሰው ክንድ ደግሞ ይለያያል። በግብፅ የንጉሡ ክንድ 7 ጋት (ጋት የአራት ጣት ስፋት ነው)፣ ማለትም 52 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ነበር። የጊዛ ትልቁ ፒራሚድ አንዱ ጎኑ 440 እንዲህ ያለ ክንድ ነው፣ 230 ሜትር። አጭሩ ክንድ ግን 6 ጋት ብቻ ነው፣ 45 ገደማ። በሕዝቅኤል 40 ያለው የመለኪያ ዘንግም የተለካው ጋት በተጨመረበት ክንድ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ የሰሊሆም ዋሻ ጽሑፍ «1200 ክንድ» ይላል። ዋሻው 533 ሜትር ነው። ሲካፈል ለአንድ ክንድ 44.4 ሳንቲሜትር ይመጣል፤ ግን 1200 ራሱ ድፍን ቁጥር ነው!

የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የመርከቧን ሞዴል በካርቶን ሲሠሩ አይቻለሁ። ርዝመቷን በ52.5 አሰሉ፣ ወርዷን በ45። 157 ሜትር ተኩል በ22 ተኩል ወጣ። ርዝመቷ የወርዷ ስድስት እጥፍ መሆን ሲገባው ሰባት ሆነ። ስንት ቅዳሜ የለፉበት ካርቶን እንደገና ተቆረጠ። በጣም አሳዘነኝ። እባካችሁ አንዱን ክንድ ምረጡ፣ የቱ እንደሆነ ጻፉ፣ እስከ መጨረሻው በሱ ሂዱ። ውጤቱን አጠጋጉት። «ከ135 እስከ 160 ሜትር» ማለት ከ137.16 ይልቅ ለእውነት ይቀርባል።

«ጎልያድ ሦስት ሜትር ነበር።» በተለመደው የዕብራይስጥ ንባብ 6 ክንድ ከስንዝር ነው። በሰብዓ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክኛ) ትርጉምና በሙት ባሕር አጠገብ በተገኘው የቁምራን ጥቅልል ግን 4 ክንድ ከስንዝር ነው፣ ሁለት ሜትር ገደማ። ከማባዛታችሁ በፊት የቱን ጽሑፍ እንደያዛችሁ እዩ።

«የሮማ ማይል አንድ ሺህ እርምጃ ነው።» የእኛ ሁለት እርምጃ ለሮማውያን አንድ ነው። ማይሉ 1480 ሜትር ገደማ ይሆናል።

«ምዕራፍ» ደግሞ ወንጌል ላይ ርቀት ሲሆን የመጽሐፍ ክፍል አይደለም። የግሪኮች ስታድዮን ነው፣ 600 ጫማ። የማን ጫማ? የኦሊምፒያው ሜዳ 192 ሜትር፣ የዴልፊው 178 ገደማ ነው። ዮሐንስ ራሱ ደቀ መዛሙርቱ ባሕሩ ላይ የቀዘፉትን ርቀት ሲናገር «25 ወይም 30 ምዕራፍ» ነው ያለው።