ርካሽ የኢንተርኔት ጥሪ ለሞባይል፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የኢንተርኔት ጥሪ ድምፅን በትንንሽ የዳታ ቁርጥራጮች እየከፋፈለ የሚያደርስ የስልክ አገልግሎት ነው። ሁለት ዓይነት አለው። ከአፕ ወደ አፕ ሲሆን ሁለቱም ወገን አፑን ይጭናሉ፤ ከዳታ ሌላ የሚከፈል የለም። ከአፕ ወደ መደበኛ ቁጥር ሲሆን ግን ጥሪውን የሚቀበለው የስልክ ኩባንያ የራሱን ድርሻ ይጠይቃል። ወደ አንዱ አገር በጥቂት ሳንቲም፣ ወደ ሌላው በብዙ ብር የሚደወለው ለዚህ ነው። ወደ ሞባይል መደወልም አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ስልክ ይወደዳል።

ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የኢንተርኔት ስልክ ፕሮግራም የእስራኤሉ ቮካልቴክ በ1995 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ) ያወጣው እንደሆነ በብዛት ይነገራል። ነገሩን ተራው ሰው ቤት ያስገባው ግን ስካይፕ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። በኦገስት 2003 የጀመሩት ስዊድናዊው ኒክላስ ዜንስትሮምና ዴንማርካዊው ያኑስ ፍሪስ ናቸው። ኮዱን የጻፉት ደግሞ አህቲ ሃይንላ፣ ፕሪት ካሴሳሉና ያን ታሊን፣ ሦስቱም የኢስቶኒያ ልጆች። ብልሃታቸው ሸክሙን በአንድ ትልቅ ሰርቨር ላይ ከመቆለል ይልቅ ለተጠቃሚዎቹ ኮምፒውተሮች ማከፋፈል ነበር። ኢቤይ በ2005 በ2.6 ቢሊዮን ዶላር፣ ማይክሮሶፍት በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዙት። ሜይ 5፣ 2025 ተዘጋ። ያን የጥሪ ዜማ የሰማ ሰው ዛሬም አይረሳውም።

ወደ ሞባይሉ ስንመጣ ቫይበር በ2010 ወጣ፤ ዋትስአፕ ጥሪን በ2015፣ ቴሌግራም በ2017 ጨመሩ።

ሲመርጡ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን የደቂቃ ዋጋ ብቻ ማየት ያሳስታል። አንዱ አገልግሎት ደቂቃውን በ10 ሳንቲም ሸጦ በሴኮንድ ይቆጥራል እንበል። ሌላው በ7 ሳንቲም ይሸጣል፤ ግን እያንዳንዱን ጥሪ ወደ ሙሉ ደቂቃ ያጠጋጋል፣ ለማገናኛም 5 ሳንቲም ይወስዳል። መስመሩ በየ20 ሴኮንዱ እየተቆረጠ ሦስቴ ቢደወል የመጀመሪያው 10 ሳንቲም፣ «ርካሹ» ደግሞ 36 ሳንቲም ይበላል። ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ቦታ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። የተሞላ ሂሳብ የሚቃጠልበት ቀን መኖሩንም አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

ዳታው ብዙ አያስፈራም። ድምፁ የሚጨመቅበት ዘዴ ወሳኝ ነው። በ2012 ደረጃ የወጣለት ኦፐስ የተባለው የመጭመቂያ ዘዴ በሴኮንድ 24 ኪሎቢት ሲሠራ፣ በየዳታ ቁርጥራጩ ላይ የሚለጠፈው የአድራሻ መረጃ ተጨምሮ፣ የአንድ ሰዓት ጥሪ በሁለቱም አቅጣጫ ወደ 36 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። አሮጌው ጂ.711 እጥፉን ይፈልጋል። የትኛው አፕ የጠራ ድምፅ እንዳለው ሰው ሁሉ የየራሱን ይምላል፤ ምናልባት ልዩነቱ ከአፑ ይልቅ ከኔትወርኩ ይሆናል። መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሴኮንድ ካለፈ ሰዎች አንዱ የሌላውን ንግግር ማቋረጥ ይጀምራሉ።

አብዛኞቹ አፖች የድንገተኛ አደጋ ቁጥር አይደውሉም፤ ስለዚህ ሲም ካርዱ አይጣልም። የደዋዩ ቁጥር አለመታየቱም ያስቸግራል፤ የማያውቀውን ቁጥር የማያነሳ ሰው ብዙ ነው። አንዳንድ አገልግሎቶች የራስዎን ቁጥር በመልእክት በሚላክ ኮድ አረጋግጠው ተደዋዩ ጋር እንዲታይ ያደርጋሉ። ይህ ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የሚስተካከል ነው።