ድግስና ክብር በጎጃም

ጎጃም ውስጥ ሀብታም ለመባል ጎተራ መሙላት ብቻ አይበቃም። አገር በልቶ፣ ጠጥቶ «አቤት ድግስ!» ሊል ይገባል።

ወጉ ከቤተ መንግሥት የወረደ ይመስላል። ግብር ማብላት የሹም ግዴታ ነበር። ሰው የሚቀመጠው በማዕረጉ ነው፤ ሥጋውም በማዕረግ ይደርሰዋል። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ነግሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ማዕረጋቸው ንጉሠ ጎጃም ወከፋ፣ ማለትም የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ነው። በ1874 ዓ.ም. ግን ከፋን ለራሳቸው ከሚሹት ከምኒልክ ጦር ጋር እምባቦ ላይ ገጥመው ተማረኩ። ማዕረግ እንዲህ ያስከፍላል። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ገንዘብ አዋቂ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞሩ፤ በ1924 ዓ.ም. ተሻሩ። ሹመት በገንዘብ ይሸጡ ነበር ይባላል። ይባል እንጂ፣ የቀድሞዋን መንቆረር ደብረ ማርቆስ ብለው ያደመቋት አባትና ልጅ መሆናቸው አያከራክርም።

የገበሬው ክብር ጠመንጃው ነበር። አዲሱን ምንሽር የያዘና አሮጌውን ውጅግራ የያዘ እኩል አይታይም። ባለቤቱ ሲሞትም ጠመንጃውና ፈረሱ ለቅሶ ላይ ይወጣሉ፤ አልቃሿም እነሱን እየጠራች ታስለቅሳለች። በአዊ የፈረስ ነገር ዛሬም አልቀዘቀዘም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል። ያን ቀን ያለ ግላስ፣ ያለ ጌጥ ልብሱ፣ ፈረስ ይዞ መውጣት ያሳፍራል።

የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የግል የመሬት ባለቤትነትን ሲያስቀር የባላባቱ ድግስም ቀዘቀዘ። አሁን በገጠሩ ቆርቆሮ ቤት፣ በባሕር ዳር ደግሞ የሰርግ መኪና አጀብና ቪዲዮ ተተክተዋል።

ተዝካር ግን ሁሉንም አልፎ ዘልቋል። በ40ኛው ቀን ዳስ ይጣላል፤ ጠላው በየጋኑ ይጠመቃል። ካህናቱ ይቀድማሉ፤ ከዚያ ሽማግሌው፣ ከዚያ ሌላው። አገሩ የቅኔ አገር ነውና የቆሎ ተማሪም አይቀርም። የማን ተዝካር መቼ እንደሆነ ከዘመድ ቀድሞ ያውቃል! ደጋሹ ይበደራል፤ ካልሆነም የእርሻ በሬውን ያርዳል። «አባቱን ያለ ተዝካር ቀበረ» ከመባል ዕዳ ይሻለዋል። ሰኔ ሲገባ የቀረችውን አንድ በሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋር ቀንጅቶ ሲያርስ ታገኙታላችሁ።