ሻኪም ግሪፊን፦ ከሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ እስከ ሲያትል ሲሆክስ

ሻኪም ግሪፊን እ.ኤ.አ. በ1995 በፍሎሪዳዋ ሴንት ፒተርስበርግ የተወለደ የቀድሞ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነው። በዘመናዊው የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ባለሙያ ፉትቦል ሊግ) ታሪክ በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚወስዱበት ሥርዓት፣ የተመረጠ የመጀመሪያው ባለ አንድ እጅ ስፖርተኛም እሱ ነው። ቦታው ላይንባከር ነበር። ላይንባከር ከፊት ከሚፋለሙት ግዙፎች ኋላ ቆሞ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ይጥላል፤ ቅብብል ያቋርጣል፤ ሲታዘዝም ኳርተርባኩን (ኳስ የሚወረውረውን የማጥቃት መሪ) ኳሱን ሳይወረውር ይጥለዋል። ኳርተርባኩን እንዲህ መጣል ሳክ ይባላል።

ሻኪም ገና በማህፀን ሳለ የእንሽርት ሽፋን ክሮች ግራ እጁ ላይ ተጠምጥመው እድገቱን ገቱት። ሕመሙ ስለበረታበት በ4 ዓመቱ እጁ ተቆረጠ። መንትያው ሻኪል ያለ ወንድሙ ኮሌጅ እንደማይገባ በመወሰኑ ሁለቱም ሴንትራል ፍሎሪዳ ገቡ። ሻኪል ቶሎ ተሰላፊ ሲሆን ሻኪም ግን ዓመታትን ያሳለፈው ወንበር ላይ ነው።

ቡድኑ በ2015 የተጫወታቸውን 12 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። በማግስቱ ዓመት የመጣው አሠልጣኝ ስኮት ፍሮስት ሻኪምን ከኋላ መስመር አንስቶ ላይንባከር አደረገው፤ ልጁም በዚያው ዓመት 11 ተኩል ሳክ አስመዝግቦ (ሁለት ሰው ተጋግዞ ከጣለ ለእያንዳንዱ ግማሽ ይያዝለታል) የሊጋቸው ምርጥ ተከላካይ ተባለ። በ2017 ቡድኑ 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ። የመጨረሻው ፒች ቦውል በተባለው የዓመት መዝጊያ ጨዋታ ኦበርን ዩኒቨርሲቲን 34 ለ 27 የረታበት ነው፤ ኦበርን ደግሞ በዚያው ዓመት ለፍጻሜ የደረሱትን አላባማንና ጆርጂያን አሸንፎ ነበር። ሻኪም የጨዋታው ምርጥ ተከላካይ ሆነ። ለፍጻሜው ውድድር ያልተጋበዘው ዩኒቨርሲቲ ራሱን የአገሪቱ ሻምፒዮን ብሎ ሰየመ፤ ብዙዎች ቢስቁበትም ክርክሩ መሠረት አልነበረውም ማለት ይከብዳል።

ለባለሙያ ክለቦች መልማዮች በሚዘጋጀው ፈተና ላይ ሻኪም መጀመሪያ አልተጠራም፤ የተጠራው ዘግይቶ ነው። ሰው ሠራሽ እጅ አጥልቆ 102 ኪሎ የሚመዝነውን ብረት 20 ጊዜ አነሳ፤ 40 ያርዱን (37 ሜትር ገደማ) በ4.38 ሰከንድ ጨረሰ። ለላይንባከር ይህ እጅግ ፈጣን ሰዓት ነው። በሚያዝያ 2018 ሲያትል ሲሆክስ በአምስተኛው ዙር 141ኛ አድርጎ መረጠው። ሻኪል ከአንድ ዓመት በፊት እዚያው ገብቶ ነበር።

ጋዜጦች የጻፉት ስለ እጁ ነው፤ በሜዳ ላይ የፈተነው ግን ቦታው ይመስላል። ኮሌጅ እያለ ከዳር ተነስቶ ኳርተርባክ ያሳድድ የነበረውን ተጫዋች ሲያትል መሃል አቆመው፤ እዚያ ከፍጥነት ይልቅ የተጋጣሚን እንቅስቃሴ ቀድሞ ማንበብ ይበልጣል። ለዳሩ ቦታ ደግሞ 103 ኪሎው በባለሙያ ሊግ ቀላል ነበር። የቋሚው ተሰላፊ ጉዳት የመጀመሪያውን ጨዋታ በዴንቨር ቢያስጀምረውም ቦታው አልጸናለትም፤ ከዚያ በኋላ በብዛት የተሰለፈው ኳስ በሚመታባቸው ልዩ ቡድኖች ውስጥ ነው። በጥር 2020 ግን በግሪን ቤይ ታዋቂውን ኳርተርባክ አሮን ሮጀርስን ጣለ።

በሦስት ዓመት 46 መደበኛ ጨዋታዎችን አድርጎ ከሲያትል ወጣ። በ2021 ከማያሚ ዶልፊንስ ጋር ጥቂት ቆይቶ በ2022 ጨዋታ ማቆሙን አስታወቀ። ሻኪል በዚያን ጊዜም በሊጉ እየተጫወተ ነበር።