ያልሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች በትራንስፖርት ዴፖ የጉብኝት ቀን

የአውቶቡስ፣ የትራምና የባቡር ድርጅቶች አንዳንዴ የዴፖአቸውን፣ ማለትም ተሽከርካሪዎቻቸው የሚያድሩበትንና የሚጠገኑበትን ግቢ፣ በር ለሕዝብ ይከፍታሉ። ሰው ልጆቹን ይዞ ይመጣል፣ ጥገና ክፍሉን ያያል፣ አሮጌ አውቶቡስ ላይ ይሳፈራል። መደበኛው አገልግሎት በዚያ ቀንም ስለማይቋረጥ ሠራተኛው ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች ይጠራሉ፤ ብዙዎቹ ዴፖ ረግጠው አያውቁም።

በጎ ፈቃደኛ ለዘርፉ እንግዳ አይደለም። በዌልስ የሚገኘው የታሊሊን ባቡር እ.ኤ.አ. በ1951 በበጎ ፈቃደኞች ተረክቦ የቆየ የመጀመሪያው የባቡር መስመር ነው። እዚያ ግን ባቡር የሚነዳው ሠልጥኖ ነው። የአንድ ቀን ረዳት ሌላ ነው።

እሱ እንግዳ ይቀበላል፣ ወረፋ ያስይዛል፣ መጸዳጃ ቤት ያሳያል። ተሽከርካሪ አያንቀሳቅስም፣ ሰው ሐዲድ አያሻግርም። ዴፖ የሥራ ቦታ ነዋ! ከትራም በላይ ያለው ሽቦ ብዙ ጊዜ 600 ወይም 750 ቮልት ይይዛል፤ በዋና የባቡር መስመሮች 25,000 ቮልት የሚይዝም አለ። ልጅ የያዘው የሚያብረቀርቅ ፊኛ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ፊኛን በር ላይ ማስቀረት የረዳቱ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ሥራ።

አሮጌው አውቶቡስ በር ላይ የቆመውን ረዳት እንይ። የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፦ አምስት አምስት ሰው አስገባ፣ የሹፌር ወንበር ላይ አንድ ልጅ ብቻ። ልጁ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ይጫናል። በታመቀ አየር የሚሠራ በር ደግሞ ጣት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ መካኒኩ ቀደም ብሎ ጎማው ስር ታኮ ያደርጋል፣ የበሩን አየር ያስወጣል፣ ባትሪውን ይነቅላል። ይህን ለረዳቱ መተው ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የአዘጋጁ እንጂ የረዳቱ አይደለም።

ጠዋት ላይ በወረቀት ብቻ ከማስረዳት ቦታውን አብሮ መዞር ይሻላል። መኪና ከሥር የሚጠገንበትን ጉድጓድ በዓይኑ ያየ ሰው አጥሩን አያነሳም። መውጫው የት ነው? ማንን ልጥራ? እነዚህን ይወቅ። ጎብኚ ስለ ሞተር ሲጠይቀው «አላውቅም፣ የሚያውቅ ሰው ልጥራልዎት» ማለት እንደሚችልም ይነገረው። ብዙ ሰው ይህን ማለት ያፍራል፤ ገምቶ ይመልሳል።

ወላጆቹ የጠፉበት ልጅ ሲያገኝ ረዳቱ ልጁን ይዞ ወላጆቹን ፍለጋ አይዞርም። ባለበት ይቆማል፣ ሌላ ረዳት አጠገቡ ይጠራል፣ ኃላፊው እስኪመጣ ልጁን ያጫውታል።