«ከአካዳሚው ሌላ አላስብም» ለሚል ልጅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከአዲስ አበባው ዊንጌት በአስኮ አድርጎ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ዳር ያደገ ልጅ መኮንን መሆን ቢመኝ አይገርምም። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሆለታ ያደርሳል። ሆለታ ደግሞ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የመኮንኖች ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ ሳስተምር በየዓመቱ «ከአካዳሚው ሌላ አላስብም» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ የጦር መኮንኖች ማሠልጠኛውን ማለቱ ነው። ምኞቱን እወድለታለሁ። የማልወደው ምኞቱን ከበው የሚናፈሱትን፣ መጠባበቂያ እንዳይዝ የሚያደርጉትን የሰፈር ወሬዎች ነው። ለወላጆች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ሁለተኛ ምርጫ ከያዘ ልቡ ይከፈላል»

ይህን አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው ከአባቶች ነው። «አንዱን አጥብቆ ይያዝ» ይላሉ። ሲሰሙት ጀግንነት ይመስላል። ግን ዕጩ መኮንን የሚመለመለው በቆራጥነት ብቻ አይደለም። ቦታው ውስን ነው። የትምህርት ውጤት ይታያል፣ ዕድሜና ቁመት ይታያል፣ የአካል ብቃት ፈተና አለ፣ የጤና ምርመራ አለ። ከእነዚህ ውስጥ ልጁ ምንም ቢለፋ የማይለውጣቸው አሉ። ማስታወቂያው የሚወጣበትን ጊዜም እሱ አይወስንም።

ልጁን ራሱን በዚህ ጉዳይ ለማነጋገር «ባይሳካልህስ?» ብሎ መጀመር አያዋጣም። ወዲያው ይዘጋል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ «አንተ ሻምበል ብትሆን፣ አንድ መውጫ ብቻ ይዘህ ወታደሮችህን ግዳጅ ውስጥ ታስገባለህ?» አብዛኞቹ ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ ጨዋታችን ይቀጥላል።

«ስፖርተኛ ስለሆነ የጤና ምርመራው አያሳስበውም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጆች ሳያስቡት የሚወድቁት እዚህ ነው።

አንድ ተማሪ ነበረኝ። በሩጫ ማንም አይደርስበትም። ክፍል ውስጥ ግን ዓይኑን አጨንቁሮ ሰሌዳውን ያይና መልሶ ከጎኑ ከተቀመጠው ልጅ ደብተር ይገለብጣል። ሰነፍ ነው ብለን ነበር። ለካ ሩቅ አጥርቶ አያይም። እሱም ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያይ ይመስለው ነበር።

የቀለም መለየት ችግር ደግሞ ከዚህም የባሰ ድብቅ ነው። በውርስ የሚመጣ ነው፣ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል፣ መድኃኒት የለውም። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ልጅ ዕድሜ ልኩን ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። ነጠብጣብ በነጠብጣብ በሆነ ሥዕል ውስጥ ቁጥር እያነበበ የሚመረመርበት ሰሌዳ አለ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አውሮፕላን ለማብረር ለሚመኝ ልጅ እነዚያ ደቂቃዎች ብዙ ነገር ይወስናሉ።

ስለዚህ ልጁ 11ኛ ክፍል እያለ የዓይን፣ የጆሮና የአጠቃላይ ጤና ምርመራ ያድርግ። የአስም ወይም የቆየ ስብራት ታሪክ ካለው አትደብቁ፤ ሐኪሙ ይወቀው። ችግር ከተገኘ ደግሞ ሕልሙ አበቃ ማለት አይደለም። መነጽር ለአብራሪነት የሚከለክልበት ቦታ ለሌላ ሙያ ላይከለክል ይችላል። ዋናው ነገር ልጁ ችግሩን ለመጀመሪያ ጊዜ መመልመያው ሰልፍ ላይ እንዳይሰማው ነው።

«ወታደር ለሚሆን ልጅ ማትሪክ ምን ያደርግለታል?»

ብዙ ያደርግለታል! በመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ምህንድስናና ጤና የሚያስተምሩ ኮሌጆች አሉ፤ የምህንድስናው ቢሾፍቱ ነው። በደካማ ውጤት እዚያ አይገባም። ፈተናው ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሎም 8.4 በመቶ ነው የደረሰው። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሒሳቡን የሚተው ልጅ የትኛውን በር እያንኳኳ ነው?

ደግነቱ፣ ለአካዳሚውም ለሲቪል ዩኒቨርሲቲውም ጥናቱ አንድ ነው። ሁለት ጊዜ አይለፋም።

«ዘንድሮ ካልገባ አለቀለት»

አላለቀለትም። መከላከያ የዲግሪ ተመራቂዎችንም የሚጠይቅባቸው ማስታወቂያዎች አሉ። ሠራዊቱ መሐንዲስ፣ ሐኪምና የኮምፒውተር ባለሙያ ይፈልጋል። ተምሮ ጨርሶ በሃያዎቹ መጀመሪያ ያመለከተ ልጅ የዕድሜ ገደቡን ካላለፈ ዕድሉ ክፍት ነው። የዕድሜውን ጣሪያ ከየማስታወቂያው አንብቡ፤ ከጎረቤት አትስሙ።

«አካዳሚው ነፃ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ግን ገንዘብ ይፈልጋል»

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት ነው የሚያስተምረው፤ ተማሪው ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። አካዳሚው ደግሞ በገንዘብ ባይጠይቅም በአገልግሎት ግዴታ ይጠይቃል። የግዴታውን ዓመት ሳያነቡ መፈረም የለም። ወላጅም አብሮ ያንብብ።

«መጠባበቂያ ከሆነ የትም ቢሆን ያው ነው»

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጹን እንዲህ ብለው የሚሞሉ ልጆች በጣም ያናድዱኛል። የትምህርት ሚኒስቴር ምርጫ ሙሉ ሲል «እኔ እንደሆነ አልሄድበትም» ብለው ስሞችን ከላይ ወደ ታች ይደረድራሉ። ምደባው ሲመጣ ማማረር ነው።

ከመሙላታቸው በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ከውትድርናው ውስጥ የምትወደው የቱን ነው? መልሱ እንደየልጁ ይለያያል። «አውሮፕላን» ብሎ የመለሰ ልጅ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲን ይመልከት፤ አብራሪም የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያም ያሠለጥናል። «ማሽንና ሬዲዮ» ብሎ የመለሰ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን ያስብ፤ እሱም ከተማው ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ በኩል ነው። ደንብ ልብሱንና ሕግ ማስከበሩን የሚወድ ልጅ ሰንዳፋ ያለውን የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ይጠይቅ። ቁስለኛ ማከም ነው ካለ ነርሲንግም ሕክምናም አለለት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ ቀኑ እንዳያልፍበት ይከታተል።

50 በመቶ ላላመጣውም መንገድ አለ። የማካካሻ ትምህርት፣ ማለትም ሬሜዲያል፣ የሚደርሳቸው አሉ። ቴክኒክና ሙያም አለ፤ እዚሁ መንገዳችን ላይ ጄኔራል ዊንጌት ፖሊቴክኒክ ተቀምጧል። ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ ወይም አውቶ መካኒክ ተምሮ የብቃት ማረጋገጫ የያዘ ልጅ ሥራም ይዞ ማስታወቂያ መጠበቅ ይችላል።

«ቢከለከል ይተወዋል»

በተለይ እናቶች በፍርሃት ይከለክላሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ጦርነት የቀመሰ አገር ነው። ግን የ17 ዓመት ልጅ ሲከለከል የሚያደርገው ለወላጆቹ መናገር ማቆም ነው። 18 ሲሞላው ቤተሰብ ሳያውቅ ሄዶ ይመዘገባል። «ተው» ከማለት «ሄደን እንጠይቅ» ማለት ይሻላል። ካገለገለ አጎት ወይም ጎረቤት ጋር አስቀምጡት፤ ከሰልፉና ከደንብ ልብሱ ውጭ ያለውን ይንገረው። ድንበር ላይ ያደረበትን ሌሊት፣ በዓል ከቤት ርቆ ያሳለፈበትን ዓመት። ከዚያ በኋላ የዩኒቨርሲቲውን ቅጽ አብራችሁ ሙሉ፤ የአካዳሚውንም ማስታወቂያ ሲወጣ አብራችሁ አንብቡ።