ክሎሪን-37፦ ከሱቅ በረኪና እስከ ፀሐይ እምብርት

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉ ሱቆች በረኪና አይጠፋም። በውስጡ ያለው ክሎሪን የሁለት አይሶቶፖች (የፕሮቶናቸው ቁጥር አንድ፣ የኒውትሮናቸው የተለያየ አቶሞች) ድብልቅ ነው። ከመቶው 76 ያህሉ ክሎሪን-35፣ 24 ያህሉ ደግሞ ክሎሪን-37 ነው። ሁለቱም የተረጋጉ ናቸው፤ ጨረር አያወጡም። ሁለቱም 17 ፕሮቶን ሲኖራቸው፣ ክሎሪን-37 ግን 20 ኒውትሮን ይዞ በሁለት ይበልጣል። ወጥ ውስጥ በሚገባው ጨው ያለው ክሎሪንም ያው ድብልቅ ነው።

ይህን አይሶቶፕ ያስከበረው ኒውትሪኖ ነው። ፀሐይ ሃይድሮጂንን ወደ ሂሊየም ስትለውጥ የሚወጣ፣ ቻርጅ የሌለው፣ ክብደቱም እዚህ ግባ የማይባል ቅንጣት ነው። አራት ኪሎ የድል ሐውልት ሥር የቆመ ሰው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር፣ በየሰከንዱ 65 ቢሊዮን ገደማ ያልፉበታል። ማታም አይቀርለትም፤ መሬትን በስተው ከእግሩ ሥር ይመጣሉ።

አልፎ አልፎ ግን አንዱ ክሎሪን-37ን ይመታል። ያኔ አንድ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ይለወጣል፣ ኤሌክትሮን ይወጣል፣ አቶሙም አርጎን-37 ይሆናል። አርጎን ከማንም ጋር የማይጣመር ጋዝ ስለሆነ ለቅሞ ማውጣት ይቻላል። የአርጎን-37 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ ለመበስበስ የሚፈጅበት ጊዜ) 35 ቀን ነው፤ ሲበሰብስም ይቆጠራል። ሐሳቡን በ1946 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ብሩኖ ፖንቴኮርቮ ነው።

ሥራ ላይ ያዋለው አሜሪካዊው ኬሚስት ሬይሞንድ ዴቪስ ነው። በሳውዝ ዳኮታ፣ በሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ውስጥ፣ 1,478 ሜትር ጥልቀት ላይ 615 ቶን ቴትራክሎሮኤቲሊን በትልቅ ጋን አጠራቀመ። ይህ ላውንደሪ ቤቶች ሱፍ ልብስን በደረቅ እጥበት የሚያጸዱበት ፈሳሽ ነው። ርካሽ ነው፣ ክሎሪንም ሞልቶታል። ያን ያህል መቆፈር ለምን አስፈለገ? ከሰማይ የሚወርደው የኮስሚክ ጨረር ራሱ አርጎን ይፈጥራል። ጋኑ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ቢተከል ኖሮማ ጉዳዩ ያበቃለት ነበር፤ እንደ አዲስ አበባ ያለ ከፍታ ላይ ጨረሩ ይብሳል።

ከዚያ ሁሉ ፈሳሽ በሂሊየም እየታጠቡ የሚወጡት በጣት የሚቆጠሩ የአርጎን አቶሞች ነበሩ። በአማካይ አንድ አቶም የሚፈጠረው በሁለት ቀን ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ለሁሉም አይሰጥም!

ውጤቱ ግን አወዛገበ። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ባኮል ከፀሐይ ይጠበቃል ብሎ ካሰላው የተገኘው ሲሶው ብቻ ነበር። ቆጠራው ነው የተሳሳተው ወይስ ስሌቱ? ለሦስት አሥርት ዓመታት ተከራከሩ። ለካ ሁለቱም ልክ ነበሩ! ኒውትሪኖዎች በመንገድ ላይ ዓይነታቸውን ይቀያይራሉ፤ ክሎሪን ደግሞ ከፀሐይ ከሚመጡት የሚይዘው ኤሌክትሮን ኒውትሪኖ የሚባለውን ዓይነት ብቻ ነው። ይህንን በ2001 እና በ2002 (እ.ኤ.አ.) የካናዳው የሰድበሪ ኒውትሪኖ ቤተ ሙከራ አረጋገጠ። ዴቪስም በ2002፣ በ88 ዓመቱ፣ የፊዚክስ ኖቤልን ተጋራ።