የሃኒ እርከኖች፦ ውሃ የሚያዳብራቸው የሩዝ ማሳዎች

በደቡብ ቻይና፣ በዩናን ግዛት፣ የአይላኦ ተራሮች ወደ ቀይ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳሉ። የሃኒ ሕዝብ ሩዝ የሚያመርተው በእነዚህ ተረተሮች ላይ ነው። እርከኖቹ የ1300 ዓመት ያህል ታሪክ አላቸው፤ ዩኔስኮም በ2013 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በፎቶ ነው። እኔን ግን ከመልካቸው ይልቅ የሚገርመኝ አፈሩ ይህን ሁሉ ዘመን እየታረሰ አለመድከሙ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአናት ነው። ከላይ ደን አለ፤ ዝናቡንና ጉሙን ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። ከደኑ ሥር መንደሮች፣ ከመንደሮቹ ሥር ማሳዎች ይከተላሉ። ስለዚህ ውሃው ማሳ ሲደርስ ባዶውን አይደርስም። የበሰበሰ ቅጠል፣ ደቃቅ አፈር፣ ከድንጋይ የሟሟ ማዕድን ይዞ ይመጣል።

መንደሩም የራሱን ይጨምርበታል። ገበሬው የከብቱን ፍግ በጉድጓድ ያጠራቅማል። ጊዜው ሲደርስ ውሃ ይለቅበትና ፍጉ በቦይ ወደ ማሳው ይወርዳል። ሸክም የለም፤ መንገዱን ማስያዝ ብቻ ነው። በክረምትም ጎርፉ በየጫካው የወደቀውን እበት ጠርጎ ሲመጣ ወደ እርከኑ ይመሩታል።

ዳገት ላይ የሚሮጥ ውሃ አፈር ይሸረሽራል። እርከን ላይ ሲደርስ ግን ይረጋል፤ ሲረጋም የያዘውን ደለል ያራግፋል። ያመለጠውን ቀጣዩ እርከን ይቀበለዋል። በየቦታው ኪሳራ የሆነው መሸርሸር እዚህ ለታችኛው ማሳ ቀለብ ይሆናል።

በእርግጥ ደለል ሲበዛ ቦይ ይደፍናል። ለዚህ ቦይ ጠባቂ አለ፤ ይጠርጋል፣ ይጠግናል፣ ደመወዙን በእህል ያገኛል። ውሃው የሚከፋፈለውም በተቦረቦረ እንጨት ወይም ድንጋይ ነው፤ የቦርቦሩ ስፋት የእያንዳንዱን ድርሻ ይወስናል።

ሁሉም ነገር ግን ከላይ አይወርድም። ውሃ በተኛበት ማሳ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ናይትሮጅንን ከአየር ይይዛሉ። ውሃ መተኛቱ የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፤ ከብረት ጋር ተጣብቆ የነበረውን ፎስፈረስም ለሩዙ ይለቅለታል።

ሩዙ ከታጨደ በኋላም ማሳው ውሃ እንደተሞላ ይቆያል። ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ውሃው ሲመለስ በስንጥቁ ሰርጎ ግድግዳውን ሊንደው ይችላል። አሁን ወጣቶች ለሥራ ወደ ከተማ እየሄዱ ነው። አንድ እርከን ጠባቂ ሲያጣ፣ ከሥሩ ያሉት ማሳዎችም ውሃቸውንና ደለላቸውን ያጣሉ።